አማቴ ሳሎን ሊያድሩ ነው፣ ካሜራው ምን ይሁን?

የልደታዋ

ሰላም ለሁላችሁ። ከባለቤቴ ጋር ያላግባባን ነገር አለ፣ የምታውቁትን ንገሩኝ።

የምንኖረው ልደታ ኮንዶሚኒየም ነው፣ ባለ አንድ መኝታ። ሁለታችንም ሥራ ነው የምንውለው። ልጃችን ሁለት ዓመቷ ነው፣ ቀን ከሠራተኛችን ጋር ትውላለች። ለዚህ ብለን ሳሎን ውስጥ ካሜራ አስገጥመናል። ሠራተኛችን ገና ስትቀጠር ነግረናታል። የት እንዳለና ምን እንደሚያሳይ በስልኬ አሳይቻታለሁ፣ በዚህ በኩል ምንም ቅሬታ የለም።

አሁን አማቴ ከደብረ ብርሃን ሊመጡ ነው። የዓይን ሞራ ሊያስገፍፉ ምኒልክ ሆስፒታል ቀጠሮ አላቸው። ከዚያ በኋላም ጠብታውና ክትትሉ ስላለ ሰንበት ይላሉ። የሚያድሩት ሳሎን ነው፣ ሌላ ክፍል የለንም፣ ሶፋው ተዘርግቶ አልጋ ይሆናል። ካሜራው ደግሞ ቡፌው ላይ ከቴሌቪዥኑ ጎን ስለተቀመጠ ፊት ለፊት የሚያየው ያንኑ ሶፋ ነው። ልብሳቸውን የሚቀይሩት እዚያው ነው። ሌሊት ተነስተው ይጸልያሉ፣ ሲጸልዩ ደግሞ እያለቀሱ ነው፣ አውቃቸዋለሁ። ጠያቂ ሲመጣም ቡና የሚፈላውና የቤተሰቡ ጉዳይ ሁሉ የሚወራው እዚያው ነው።

ባለቤቴ «እናቴ ናት፣ ምን ይነገራታል፣ ብንነግራት ጭራሽ ተጠራጠሩኝ ብላ ታዝናለች፣ ዝም እንበል» ይላል። ሌላም ነገር አለ። ካሜራውን የላከልን አሜሪካ ያለው ወንድሙ ነው፣ አፑም የተከፈተው በሱ አካውንት ነው። ስለዚህ እሱም ያያል። «እማዬን ከዚህ ሆኜ አያታለሁ» ብሎ ከአሁኑ ደስ ብሎታል። እናቱ ቢናፍቁት አልፈርድበትም። ግን እናቱ ቀሚሳቸውን ሲያወልቁ ካሜራው ክፍት መሆኑ ለኔ ነውር ነው። እሳቸውም ቢያውቁ የሚሞቱ ይመስለኛል።

ልንገራቸው? እንዴት ብዬ? ሙሉ በሙሉ ላጥፋው እንዳልል ቀን ልጄን ማየት አለብኝ።

አራት ኪሎ

እህቴ፣ ይነገራቸው። ይሄ ክርክር የሚያስነሳ ነገር አይደለም።

ለባለቤትሽ ያልታየው ነገር ቦታው ነው። ካሜራ የሚሸጡት ሰዎች «መኝታ ቤትና መታጠቢያ ቤት አታድርጉ፣ ሳሎን ችግር የለውም» ይላሉ። ለማን ቤት ነው ይሄ? የእንግዳ ክፍል ላለው ሰው ይሠራ ይሆናል። እኛ ቤት ግን ዘመድ በመጣ ቁጥር ሳሎኑ መኝታ ቤት ነው። ፍራሽ የሚነጠፈው እዚያ ነው፣ አራስ የምታጠባው እዚያ ነው፣ የታመመ የሚተኛው እዚያ ነው። አማትሽ እግራቸው ከገባበት ሰዓት ጀምሮ ያ ካሜራ መኝታ ቤት ውስጥ ያለ ካሜራ ነው።

አክስቴ የደረሰባትን ልንገርሽ። ለሕክምና መጥታ ካዛንቺስ ዘመድ ቤት አርፋ ነበር። ጠዋት ነጠላዋን አስቀምጣ ጸጉሯን እየፈታች እያለ ከቡፌው ላይ የወንድ ድምፅ «እትዬ፣ እንዴት አደሩ» አላት። ውጭ አገር ያለው የቤቱ ልጅ ነው፣ በካሜራው ስፒከር ሰላም ሊላት ፈልጎ ነው፣ ክፋት የለበትም። እሷ ግን የምትይዝ የምትጨብጠው ጠፋት። መጀመሪያ ያደረገችው ነጠላዋን መፈለግ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ እዚያ ቤት ልብስ የምትቀይረው ሽንት ቤት ገብታ ነው። ቀጠሮዋን ሳትጨርስም አገሯ ገባች። ዛሬም ድረስ የምታነሳው «ስንት ቀን ሲያየኝ ከርሞ ይሆን» የሚለውን ነው። ለዚህ ደግሞ ማንም መልስ ሊሰጣት አልቻለም።

ባለቤትሽ «ብንነግራት ታዝናለች» ይላል። ሳይነገራቸው ራሳቸው የደረሱበት ቀን የሚመጣውን ሐዘን ግን ማንም አይመልሰውም።

ኤርቢኤንቢ እንኳን፣ ቤት በኪራይ ለማያውቁት ሰው የሚያገናኘው ድርጅት ማለቴ ነው፣ ከኤፕሪል 30 ቀን 2024 ጀምሮ ቤት ውስጥ ካሜራ ጨርሶ ከልክሏል። ከዚያ በፊት እንደ ሳሎን ባለ የጋራ ቦታ ላይ፣ በግልጽ ከታየና አስቀድሞ ከተነገረ ይፈቅድ ነበር። እሱም ቀረ። ለባዳ እንግዳ ይሄን ያህል ከታሰበ ለእናት ቢያንስ መንገር አያቅትም።

ካሜራ ገጣሚው

መርካቶ ሱቅ አለኝ፣ እሸጣለሁ፣ እገጥማለሁም። የሥነ ምግባሩን አራት ኪሎ ብሎታል፣ እኔ የዕቃውን ልናገር። ብዙ ሰው ሳያውቀው የሚያልፈው ነገር አለ።

አንደኛ፣ ካሜራው የማን ነው የሚለውን የሚወስነው አካውንቱ ነው። ማን ገዛው፣ የማን ቤት ተሰቀለ የሚለው እዚህ ላይ ዋጋ የለውም። አሁን ባለው ሁኔታ የቤቱ ካሜራ አዛዥ አሜሪካ ያለው የባለቤትሽ ወንድም ነው። ያያል፣ ይሰማል፣ ይናገራል፣ አንገቱን ያዞራል፣ የተቀዳውን ወደ ስልኩ ያወርዳል። እናንተ ተጋሪ ናችሁ። ይሄ መገልበጥ አለበት። በአንቺ ወይም በባለቤትሽ ኢሜይል ይከፈትና ለወንድምየው ሼር ይደረግለት፣ ከፈለጋችሁ። ብዙዎቹ አፖች ሼር ስታደርጊ ምን ማየት እንደሚችል ያስመርጡሻል። ቀጥታውን ብቻ ይይ፣ ቅጂውን አይክፈት ማለት ይቻላል። የማትፈልጊው ቀንም ታነሺዋለሽ።

ሁለተኛ ድምፅ። ሰው ሁሉ የሚጨነቀው ለምስሉ ነው። ምስል የሚይዘው ፊት ለፊቱ ያለውን ነው፣ ማይኩ ግን የኮንዶሚኒየም ቤት ስለሆነ ኩሽናውንም መኝታ ቤቱንም ይሰማል። ቡና ላይ ስለ ማን ትዳር እንደተወራ፣ ማን ብድር እንዳለበት፣ ሐኪሙ ምን እንዳለ፣ ሁሉም ይቀዳል። ሴቲንግ ውስጥ ማይክ ማጥፊያ አለ። እንግዳ ባለበት ቤት መጀመሪያ የሚጠፋው እሱ ነው። ልጅሽን ለማየት ድምፅ የግድ አይደለም።

ሦስተኛ ጨለማ። «ማታ መብራት እናጠፋለን፣ አያይም» የሚል ደንበኛ ብዙ አለኝ። ያያል። ለዓይን የማይታይ ጨረር ያበራል፣ በጨለማ ጥቁርና ነጭ ሆኖ ጥርት አድርጎ ያሳያል። አንዳንዱ ላይ ትንንሽ ቀያይ ነጥቦች ሲበሩ ታያላችሁ፣ አንዳንዱ ላይ እሱም አይታይም።

አራተኛ፣ እና ዋናው ይሄ ነው። አፑ ላይ ካሜራውን የሚያሳርፍ ቁልፍ አለ፣ ጥሩ ነው፣ ግን በስልክ የጠፋ ነገር በስልክ ይበራል። አፑ ያለው ሰው ከዋሽንግተን ሆኖ ሊከፍተው ይችላል። የሚዞር ካሜራን ወደ ግድግዳ ብታዞሪውም እንደዚያው ነው፣ በአፑ ይመለሳል። ሴትዮዋ ደግሞ መጥፋቱን በምን ያውቃሉ? አፕ የላቸውም። ስለዚህ ማታ ማታ ከሶኬት ይነቀል። ገመዱ ወርዶ ሲያዩት ያምናሉ። ማብሪያ ማጥፊያ ያለው ማከፋፈያ ላይ ከሰካሽው ደግሞ እሳቸው ራሳቸው በእጃቸው ያጠፉታል። ለኔ ትልቁ ነገር ይሄ ነው፣ ማጥፊያው በእንግዳው እጅ መሆኑ።

ስለ ሚሞሪ ካርድም ልበል። ካርዱ ሲሞላ የድሮውን እያጠፋ በላዩ ይቀዳል፣ እንደ ጥራቱና እንደ ካርዱ መጠን ለቀናት ወይም ለሳምንታት ይቆያል። ክላውድ የሚባለውን በክፍያ ከያዛችሁ ግን ቅጂው ያለው እናንተ ጋ ብቻ አይደለም፣ ኩባንያው ጋ ነው። ይሄ ተራ ስጋት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2023 የአሜሪካ የንግድ ኮሚሽን የአማዞን ንብረት የሆነውን ሪንግ የሚባል የካሜራ ኩባንያ ሠራተኞቹ የደንበኞችን የቤት ውስጥ ቪዲዮ እስኪያዩ ድረስ ልቅ አድርጓል ብሎ ከሶት ኩባንያው 5.8 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል። በ2024 ፌብሩዋሪ ደግሞ ዋይዝ የሚባለው ካሜራ 13,000 ያህል ተጠቃሚዎቹ አፑን ሲከፍቱ የሌላ ሰው ቤት ምስል መጣላቸው። ኩባንያው ራሱ አምኗል። እኔ ለደንበኞቼ ካርድ ይበቃችኋል የምለው ለዚህ ነው።

ከሰንጋ ተራ

እኔ ትንሽ ለየት ያለ ነገር ልበል። ካሜራው እንደ ሰላይ ብቻ አይታይ።

አባቴ ከስትሮክ በኋላ እኔ ጋ ነው የሚኖረው። ሳሎን ነው የሚተኛው። ካሜራ አለ፣ ሌሊትም ይበራል። ይሄን ያደረግነው ግን እሱ «ተው፣ ይብራ» ስላለ ነው። አንድ ሌሊት ለሽንት ተነስቶ ሲወድቅ ስልኬ ጮኾ ነው የደረስኩለት። ስለዚህ አማትሽ ቢነገራቸው «አጥፉልኝ» ይላሉ ብለሽ አትደምድሚ። የዓይን ቀዶ ሕክምና አድርገው በማያውቁት ቤት ሌሊት የሚነሱ ሰው ናቸው። አንድ ዓይናቸው ተሸፍኖ ያድር ይሆናል፣ ምንጣፉም ያደናቅፋል። ደስ ብሏቸው ይብራ ሊሉ ይችላሉ። ወይ ደግሞ ካሜራውን ትተሽ ወደ ሽንት ቤት የሚወስደው ኮሪደር ላይ ትንሽ የሌሊት መብራት ብትሰኪ ይበልጥ ይጠቅማቸዋል።

አባቴ ግን አንድ ነገር ቆርጦ ተናግሯል። ገላውን ስናጥበውና ልብሱን ስንቀይርለት ጨርቅ ይጣልበታል። ረስተን ከሆነ በእጁ ያመለክታል፣ ጨርቁ እስኪጣል ድረስም ቁልፉን አያስፈታም። እህቶቼም ስልካቸው ላይ አፑ የላቸውም፣ እሱ አልፈለገም። «ሴት ልጆቼ እንዲህ ሆኜ አይዩኝ» አለ። አዘኑ፣ ግን ተቀበሉት። የሚታየው ሰው እሱ ነው፣ የሚወስነውም እሱ ነው።

ወንድምየውን በተመለከተ፣ ናፍቆቱን አትንቁበት። ማታ ማታ ቪዲዮ ኮል ይደውልላቸው። እማማም ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ፊታቸውን ጠራርገው፣ ተዘጋጅተው ያናግሩታል። እናት ለልጇ መታየት የምትፈልገው እንደዚያ ነው።

ሕግ አዋቂ ነኝ ባይባልም

የሕጉን በአጭሩ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 ላይ ማንኛውም ሰው የግል ሕይወቱ የመከበር መብት አለው ይላል፣ የሰው ቤት እንግዳ ስለሆነ የሚቀር መብት አይደለም። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ወጥቷል፣ ተቆጣጣሪውም የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። የሰው ምስልና ድምፅ የግል ዳታ ነው። እናንተ ቤት ያለው ነገር ግን ክስ የሚያስነሳ አይመስለኝም፣ በቤተሰብ ውስጥ ያለ ጉዳይ ነው፣ በዚያ አትጨነቂ።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቁ። በር ሲከፈት ካሜራው የጋራውን ኮሪደርና የጎረቤት በር የሚያይ ከሆነ ከቤታችሁ ወጥቷል ማለት ነው። አውሮፓ ውስጥ የኅብረቱ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2014 ቤቱን ለመጠበቅ ብሎ የሰቀለው ካሜራ የሕዝብ መንገድ የሚቀዳ ሰው «ለግሌ ነው» ማለት አይችልም ብሎ ወስኗል። የኛ ሕግ ባይሆንም ሐሳቡ ትክክል ነው።

አነጋገሩን በተመለከተ፣ ልጃቸው ይንገራቸው፣ አንቺ አይደለሽም። ከምራት ሲመጣ ሌላ ትርጉም ይሰጠዋል። ሳይሳፈሩ በፊት፣ በስልክ ይሁን። እዚህ ደርሰው ሻንጣቸውን አስቀምጠው ከሆነ «አይ፣ ምን ቸገረኝ» ከማለት ሌላ ምርጫ የላቸውም፣ ይሉኝታ ይይዛቸዋል።

የልደታዋ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ለባለቤቴ በተለይ የአራት ኪሎን የአክስት ታሪክ አነበብኩለት። ዝም አለ። ከዚያ እናቱ ጋ ራሱ ደወለ፣ ስፒከር ላይ አድርጎ።

«እማዬ፣ ሳሎን ካሜራ አለ፣ ለልጅቷ ብለን ነው» አላቸው። «ማታም ያያል?» አሉ። አዎ ግን እናጠፋዋለን አላቸው። ትንሽ ቆይተው «ማን ማን ነው የሚያየው?» አሉ። የወንድሙን ስም ሲሰሙ «እሱ ደግሞ ሥራ የለውም እንዴ፣ አይሆንም፣ ይደውልልኝ» አሉ። ተቆጥተው አልነበረም፣ ግን ቁርጥ ያለ ነበር።

ስለዚህ እንዲህ አሰብን። ቀን ሶፋውን ሳይሆን የልጅቷን መጫወቻ ጥግ እንዲያይ ከቡፌው ላይ አንስተን መስኮቱ ጋ እናደርገዋለን። ማይኩ ይጠፋል። ከሥራ ስንመለስ ይነቀላል። እሳቸው ብቻቸውን ሳሎን ማረፍ ሲፈልጉ እንዲያጠፉት ማከፋፈያው በአልጋው ራስጌ ይሆናል፣ ያን ሰዓት ልጅቷ መኝታ ቤት ትሁን።

ካሜራ ገጣሚው፣ ወንድሜ፣ አንድ ጥያቄ። አካውንቱን ወደኛ ለመቀየር ሪሴት ማድረግ ብቻ ይበቃል? ባለቤቴ ሞክሮት እምቢ አለው፣ «በሌላ አካውንት ተመዝግቧል» ይላል።

ካሜራ ገጣሚው

አይበቃም። እንደናንተ ያለው ካሜራ ቢሰረቅ ሌላ ሰው እንዳይጠቀምበት ከመጀመሪያው አካውንት ጋር ይታሰራል። ወንድምየው ከራሱ አፕ ካላወጣው አይለቅም። ስልክ ላይ ሆናችሁ ካሜራውን ከፍቶ ሴቲንግ ውስጥ ከታች «ዲቫይስ አስወግድ» የሚለውን ይንካ። እሱ አድርጎ ሲጨርስ እናንተ የሪሴቷን ቀዳዳ በስፒል ጫን አድርጋችሁ ድምፅ እስኪያሰማ ያዙ፣ ከዚያ በባለቤትሽ ኢሜይል እንደ አዲስ መዝግቡት። ዋይፋዩ 2.4 ጊጋኸርዝ ላይ ይሁን፣ አብዛኞቹ በ5 ጊጋኸርዝ አይሠሩም፣ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚቸገረው። ፓስወርዱን ወንድምየው በማያውቀው ቀይሩት። ካርዱንም እዚያው ፎርማት አድርጉት፣ አማትሽ ከመምጣታቸው በፊት ንጹሕ ይሁን። መስኮቱ ጋ ስታደርጊው ደግሞ ፊቱን ወደ ውስጥ አዙሪው እንጂ ብርሃኑን ፊት ለፊት አያግኝ፣ ልጅቷ ጥላ ብቻ ሆና ትታይሻለች።