ለኃይሌ ገሪማ ሦስት ምሽት፦ ማመልከቻውን አብረን እንጨርስ

ሰብሳቢ፦ ሰላም ቤተሰብ። የኃይሌ ገሪማን ፊልሞች ለማሳየት አዳራሽ የምንጠይቅበት ማመልከቻ አርብ ይገባል። መግቢያው ላይ «ታላቁ የፊልም ዳይሬክተር» ብዬአለሁ። ምን ትላላችሁ?

ፀሐፊ፦ ጋሼ፣ «ታላቁ» ለሁሉም የሚሰጥ ማዕረግ ሆኗል። ሰውየው እኮ ይጽፋሉ፣ ዳይሬክት ያደርጋሉ፣ ኤዲት ያደርጋሉ። አልፎ ተርፎ ፊልሙን ተመልካች ደጃፍ ያደርሳሉ። ፊልማቸው ሳንኮፋ እ.ኤ.አ. በ1993 ሲወጣ አሜሪካ ውስጥ አከፋፋይ አጣ። ምን አደረጉ? ሲኒማ ቤት እየተከራዩ ከከተማ ከተማ አዞሩት። መግቢያችን ይሄ ይሁን።

አባል፦ በጣም ልክ። እኔም ኤዲተር ስለሆንኩ ነገሩ ይገባኛል። ግን መጀመሪያ የሚታየው «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» ይሁን። እ.ኤ.አ. በ1974 ሀገሩ ሲታመስ፣ በሁለት ሳምንት አካባቢ፣ በጥቁርና ነጭ የተቀረጸ። ባላባቱ ወንበሩ ላይ ተደላድሎ ጭሰኞቹን ሲሳደብ፣ እውነቱን ፊት ለፊት የሚናገረው ሰው ያበደ የሚባለው ከበበ ነው። ገጠሩን ለማየት እንዲህ ያለ ትዕግሥት ያለው ካሜራ ብዙ አላየሁም።

ገንዘብ ያዥ፦ ትዕግሥቱን ተዉትና ሰዓቱን እንነጋገር። ምርት 150 ደቂቃ፣ ሌላው ፊልማቸው ጤዛ 140 ደቂቃ። ኪራዩ በሰዓት ነው። በአንድ ምሽት ሁለቱን? ሰው ያንቀላፋል!

ፀሐፊ፦ ለዛ ነው ሦስት ምሽት ያልኩት። ምርት፣ ሳንኮፋ፣ ጤዛ። ጤዛ እ.ኤ.አ. በ2008 ቬኒስ የፊልም ፌስቲቫል ላይ የዳኞች ልዩ ሽልማትና የስክሪፕት ሽልማት አግኝቷል። በ2009 ደግሞ የአፍሪካ ፊልም ፌስቲቫሉን የፌስፓኮን ታላቅ ሽልማት። ይሄን በአንድ መስመር እንለፈው። ይልቅ አባታቸው ገሪማ ታፈረ የ«ጎንደሬ በጋሻው» ደራሲ መሆናቸው ይግባ። ብዕሩ ከቤት ነው የመጣው።

አባል፦ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ማስተማራቸውስ?

ፀሐፊ፦ አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃዋል።

ሰብሳቢ፦ የማሳያ ፈቃድ ከማን ነው የምንጠይቀው?

ፀሐፊ፦ ከራሳቸው የፊልም ድርጅት። አያችሁ፣ ፈቃዱም እሳቸው ጋ ነው! ደብዳቤውን ዛሬ ማታ አረቅቃለሁ።

ሰብሳቢ፦ በቃ፣ «ታላቁ» ወጥቷል። የቀረ ነገር አለ?

ገንዘብ ያዥ፦ የጄኔሬተር ኪራይ። ጤዛ መሃል ላይ መብራት ከሄደ ዋናው ገጸ ባሕርይ አንበርብር ጀርመን ይቀራል።