«መብቱ ይደርሳል» አሉን እኮ!

የጠዋት ጤዛ፦
ትናንት ማታ ኑክሌር ይወገድ የሚሉ ሰዎች የጠሩት ስብሰባ ላይ ነበርኩ። ደህና ሲወራ ቆየ። መጨረሻ ላይ አንዲት ልጅ ተነሥታ «መግለጫው ላይ ስለ ሰላም በመናገራቸው የታሰሩ ሰዎችንም ብንጠቅስስ?» ብላ ጠየቀች። መድረክ ላይ የነበሩት ሰውዬ ምን ቢሏት ጥሩ ነው? «ሁለቱን አታደባልቂ። ሰላሙ ይቅደም፤ መብቱ ይደርሳል።» አዳራሹ አጨበጨበ! ልጅቷ ተቀመጠች። እኔን ግን ያቺ «ይደርሳል» ስትከነክነኝ አደረች።

እስቲ ሳካሮቭን አስቡት። የሶቪየትን ሃይድሮጂን ቦምብ ከሠሩት ዋነኛው ነው። በኋላ ቦምቡንም እስሩንም አንድ ላይ መቃወም ጀመረ። በ1975 የሰላም ኖቤል ሲሰጠው ሄዶ እንዳይቀበል ከለከሉት፣ ሚስቱ ተቀበለችለት። በ1980 ያለ ፍርድ ወደ ጎርኪ ከተማ አጋዙት። እስከ 1986 መጨረሻ እዚያው ተዘጋበት። በዚያው ጊዜ ሞስኮ ውስጥ መንግሥት ያቋቋመው «የሰላም ኮሚቴ» ነበር። ጠዋት ማታ ሰላም ሰላም የሚል! እና የሳካሮቭ መብት በየትኛው መኪና ነው የሚደርሰው?

(ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፣ ሒሳብ አትጀምሩብኝ።)

ነጭ ነጯን፦
ካጨበጨቡት አንዱ እኔ ነኝ። አሁንም አጨበጭባለሁ። እህቴ፣ ዘመቻ ሻንጣ አይደለም፤ ያለሽን ሁሉ አትጠቀጥቂበትም። አንድ ነገር ይዘሽ ስትሄጂ ነው የምታሸንፊው።

ምሳሌ ልስጥሽ። ከ1958 ጀምሮ ሴንት ሉዊስ የምትባል የአሜሪካ ከተማ ውስጥ ሴቶችና ሳይንቲስቶች ተባብረው የልጆችን የወለቀ ጥርስ ይሰበስቡ ነበር። በቃ ጥርስ። ለሙከራ የፈነዳው ቦምብ አቧራ ሣሩ ላይ ይወርዳል፣ ላሟ ትበላዋለች፣ ወተቱን ልጁ ይጠጣዋል። ከዚያ ስትሮንቲየም 90 የሚባለው ጨረር የሚረጭ ነገር አጥንቱና ጥርሱ ውስጥ ይቀመጣል። ጥርሱን ለላከ ልጅ «ጥርሴን ለሳይንስ ሰጠሁ» የሚል ባጅ ይሰጡት ነበር። 300 ሺህ ገደማ ጥርስ ሰበሰቡ። በ1961 ደግሞ በብዙ የአሜሪካ ከተሞች ሴቶች አደባባይ ወጡ። በ1963 በአየር ላይ መሞከርን የሚከለክለው ውል ተፈረመ። ዋናው ጥያቄያቸው አንድ ነበር፦ ሙከራውን አቁሙ። ሌላ ሌላውን ቢጨምሩበት ኖሮ ማን ይሰማቸው ነበር?

ከኋላ ወንበር፦
እኔም እዚያው ነበርኩ። ለእውነት ሲባል፣ ሰውዬው «መብቱ ይደርሳል» አላሉም። «መብቱም ይደርሳል» ነው ያሉት። «ም» አለችበት። ትርጉሙ ሌላ ነው።

ቆቅ፦
«ም» ስትጨመር ቀኑ ቀረበ?

ከኋላ ወንበር፦
ቀኑ አይደለም ጉዳዩ። «መብቱም» ሲሉ እሱንም አልረሳነውም ማለታቸው ነው። ሰው ያላለውን አታስብሉት።

የጠዋት ጤዛ፦
ወንድሜ፣ ያልተረሳ እንግዳና የተጠራ እንግዳ አንድ አይደሉም። እሺ፣ «ም»ን ጨምሬ ልበለው፦ «መብቱም ይደርሳል»። ይኸው። አሁንም ከነከነኝ።

ፊደል ቆጣሪ፦
በቅድሚያ፣ «ኑክሌር» ሳይሆን «ኒውክሌር» ነው። ሁላችሁም።

ቆቅ፦
መጣ ደግሞ!

ነጭ ነጯን፣ የጥርሱ ታሪክ ደስ ይላል። ውሉ ግን ሙከራውን አላቆመውም። ከሰማይ ወደ መሬት ውስጥ ነው ያወረደው። ካዛክስታን ውስጥ ሴሚፓላቲንስክ የሚባለው ጣቢያ ከ1949 እስከ 1989 ድረስ 456 ሙከራ ተካሂዶበታል። የእናንተ ውል ከተፈረመ በኋላ 26 ዓመት ሙሉ ከመሬት በታች ሲፈነዳ ኖረ ማለት ነው።

ታዲያ ምን አስቆመው? ፌብሩዋሪ 1989 ላይ ኦልዣስ ሱሌይሜኖቭ የሚባል ገጣሚ ቴሌቪዥን ላይ ይቀርባል። ሰው ግጥም ሲጠብቅ እሱ ከጣቢያው ጨረር አምልጧል የሚል መግለጫ አንብቦ «ኑ እንሰብሰብ» አለ። በቀናት ውስጥ ሺዎች መጡ። በአሜሪካውና በእነሱ የሙከራ ጣቢያ ስም ኔቫዳ ሴሚፓላቲንስክ የተባለው ንቅናቄ ተወለደ። ኦገስት 29 ቀን 1991 ጣቢያው ተዘጋ። አሁን ጥያቄዬን ስማኝ፦ ያንን ወረቀት ከአምስት ዓመት በፊት ቢያነበው ምን ይሆን ነበር? ጎርኪ ውስጥ ለሳካሮቭ ጎረቤት ይሆንለት ነበር! መናገር ስለተፈቀደ ነው ሙከራው የቆመው። ማን ነው ታዲያ የቀደመው? መብቱ አይደለም እንዴ?

ነጭ ነጯን፦
ከሰማይ መውረዱ ለአንተ ቀላል ነው? ልጅ ጥርስ ውስጥ የሚገባው መርዝ ቀነሰ እኮ። ሰውን ያዳነ ነገር «ሙሉ አልሆነም» ተብሎ አይናቅም። ገጣሚውም ቢሆን በዋናነት የጠየቀው አንድ ነገር ነው፦ ጣቢያው ይዘጋ። ሻንጣውን አልጠቀጠቀም።

የጠዋት ጤዛ፦
ከሻንጣህ ውጣ በናትህ። የልጅቷ ጥያቄ እኮ የዓለምን ችግር ሁሉ ጨምሩበት አይደለም። ስለ ሰላም ስለተናገሩ የታሰሩ ሰዎችን ስም ጥቀሱ ነው። በ1982 ሞስኮ ውስጥ ጥቂት ሰዎች ከመንግሥት ነፃ የሆነ የሰላም ቡድን አቋቋሙ። በምሥራቅና በምዕራብ መካከል መተማመን ይፈጠር ነው ያሉት፣ ሌላ ምንም! ከመሥራቾቹ አንዱን የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል አስገቡት። ሰላምን የጠየቀ ሰው እብድ ሲባል «እሱ ሌላ አጀንዳ ነው» ትለኛለህ?

መደዴ፦
የዋሆች። ዩክሬን በ1994 ቡዳፔስት ላይ «ድንበርሽ ይከበራል» ተብላ ፈርማ ኑክሌሯን አስረከበች። ምን አገኘች? ሊቢያም በ2003 ተወች፤ ጋዳፊ በ2011 የሆነውን አይታችኋል። እናንተ መብቱ ይቅደም ሰላሙ ይቅደም ትባባላላችሁ። ቦምብ ያለው ነው የሚቀድመው።

ቆቅ፦
ሊቢያ ቦምብ መች ነበራት? ገና ዕቃ ስትሰበስብ ነው የተወችው። ዩክሬን ደግሞ የጦር መሣሪያው መሬቷ ላይ ነበር እንጂ የማስወንጨፊያው ቁጥጥር ሞስኮ እጅ ነው። ቁልፉ የሌለህን ቤት የእኔ ነበር አትበል።

መደዴ፦
እሺ ፕሮፌሰር። ቁልፉንስ መሥራት አይቻልም ነበር? ለማንኛውም የተፈረመላት ቃል ተከብሯል ወይስ አልተከበረም? እሱን መልስልኝ።

ቆቅ፦
አልተከበረም። ግን ቃሉን ያፈረሰው ቦምብ ያለው ነው። እና መፍትሔው ሁሉም ቦምብ ይያዝ ነው? አሁን ያሏቸው ዘጠኝ አገሮች ናቸው፣ 12 ሺህ ገደማ የኑክሌር ቦምብ ራስ አለ። ስንት ሲሆን ነው እንቅልፍ የሚወስድህ?

ፊደል ቆጣሪ፦
«ራስ» ሳይሆን «አረር» ቢባል ይሻላል።

ዘቢባ፦
ደቡብ አፍሪካን ለምን ማንም አያነሳም? ስድስት ቦምብ ሠርታ ስድስቱንም ፈታታ አስወገደች። በ1993 ፕሬዚዳንቱ ዴ ክለርክ ፓርላማ ገብቶ እንዲህ ነበረን፣ አፈረስነው አለ። ማንም አልወረራትም። መደዴ ይሄን ምን ይለዋል?

መደዴ፦
ጥቁሮች ሥልጣን ሲይዙ እንዳያገኙት ነው ያፈረሱት። የሰላም ፍቅር መስሎሽ ነው?

ዘቢባ፦
ይሁንልህ። ታዲያ እሱ ራሱ ለጤዛ ነው የሚመሰክረው። ቦምቡን ማን ሠራው? አፓርታይድ። የፈረሰውስ መቼ ነው? አፓርታይድ ሲንኮታኮት። ቦምቡና የሰው መብት ረገጣው አንድ ቤት ነበር የሚያድሩት።

የድሮ ሰው፦
ልጆች፣ ይሄ ጭቅጭቅ አዲስ እንዳይመስላችሁ። በ80ዎቹ አውሮፓ ውስጥ በዚሁ ነበር የሚፋጁት። የምዕራቡ የሰላም ሰዎች የኑክሌር ሚሳይሉ ይውጣ ሲሉ የቼክና የፖላንድ ተቃዋሚዎች በጥርጣሬ ያይዋቸው ነበር። «ሰላም» የሚለው ቃል ከመንግሥት ባነር ላይ ወርዶ አያውቅማ! ጆሯቸውን ይኮሰኩሳቸው ነበር። በ1980 እነ ቶምፕሰን (እንግሊዛዊው የታሪክ ጸሐፊ) ያወጡት የአውሮፓ ጥሪ ግን ሁለቱንም ይዞ ነበር፦ ሚሳይሉ ከሁለቱም ወገን ይነሣ፣ የምሥራቁም የምዕራቡም ዜጋ በንቅናቄው የመሳተፍ መብቱ ይጠበቅ። በአንድ ወረቀት ላይ! ማንም አልታመመም።

ነጭ ነጯን፦
ጋሼ፣ ያ ጥሪ ሚሳይሉን አስቆመው?

የድሮ ሰው፦
አላስቆመውም። የአሜሪካው ሚሳይል በ1983 ገባ።

ነጭ ነጯን፦
አመሰግናለሁ።

የድሮ ሰው፦
ቆይ አትቸኩል። በ1981 ሠላሳ ስድስት ሴቶች ከካርዲፍ በእግራቸው ተነሥተው እንግሊዝ ውስጥ ግሪንሃም ኮመን የሚባለው፣ ሚሳይሉ የሚገባበት የጦር ሰፈር ደጃፍ ደረሱ፤ እዚያው ቀሩ። በ1982 ዲሴምበር 30 ሺህ ሴት እጅ ለእጅ ተያይዞ አጥሩን ዞረው። ሽቦው ላይ የልጆቻቸውን ልብስና ፎቶ ሰቀሉበት። ወታደሩ ከውስጥ ሆኖ የሕፃን ካልሲ ሲያይ ይዋል! ሚሳይሉ በ1983 ገባ፤ በ1987 ሬጋንና ጎርባቾቭ ሚሳይሉን የሚያስወግደውን ውል ፈረሙ፤ በ1991 የመጨረሻው ወጣ። ሴቶቹ እስከ 2000 ድረስ አልተነሡም።

መደዴ፦
የፈረሙት ሬጋንና ጎርባቾቭ ናቸው። ካልሲው አይደለም።

ከኋላ ወንበር፦
ደግሞ ወንዶችን ከካምፑ ያስወጡ ሴቶች ናቸው። ስለ መብት የሚወራው እዚያ ላይ ነው?

ዘቢባ፦
ወንድሜ፣ 30 ሺህ ሴት ብርድ ላይ ቆማ አንተን የከነከነህ ያልተጋበዝከው ነው? የጦር ሰፈሩን ሞላኸው እኮ፣ አጥሩም ይቅርልህ እንዴ!

ከኋላ ወንበር፦
ጠየቅኩ እንጂ አልተከነከንኩም።

የጠዋት ጤዛ፦
ወደ «ይደርሳል» ልመልሳችሁ። ቦምቡን ከቅኝ ግዛት ለይቶ ያየ አፍሪካዊ መቼም አልነበረም። ፈረንሳይ ሰሃራ ላይ ልትሞክር ስትል በ1959 መጨረሻ የአፍሪካ፣ የአሜሪካና የአውሮፓ ሰዎች ተደባልቀው ከአክራ በመኪና ወደ በረሃው ተነሡ። ድንበሩን ተሻግረው የፈረንሳይ ግዛት ሲገቡ ያዟቸው። ፌብሩዋሪ 13 ቀን 1960 ሬጋን የሚባለው ቦታ ላይ ቦምቡ ፈነዳ። እስከ 1966 ድረስ አልጄሪያ ውስጥ 17 ጊዜ አፈነዱ። ለምን ፓሪስ አጠገብ አላፈነዱትም? መልሱን ታውቁታላችሁ። በረሃው ባዶ ነው ተባለ። ሰው እንዳይቆጠር መጀመሪያ መብቱ ነው የሚነሣው፤ ቦምቡ ከዚያ በኋላ ነው የሚመጣው። ማርሻል ደሴቶች ላይ አሜሪካ 67 ጊዜ ስታፈነዳም ያው ነው።

ፊደል ቆጣሪ፦
«ሬጋን» ስትዪ ከፕሬዚዳንቱ ጋር ይምታታል። የበረሃው «ረጋን» ነው።

የጠዋት ጤዛ፦
ይቺን ተቀብያለሁ። ረጋን።

ነጭ ነጯን፦
የምትዪውን ሁሉ እንደ ታሪክ እቀበላለሁ። አሁንም ግን ስለ ስልት ነው የማወራው። በ2017 ተባበሩት መንግሥታት ላይ ኑክሌርን የሚያግደው ውል በ122 ድምፅ ጸደቀ፤ በ2021 ሥራ ላይ ዋለ። ከ122ቱ ውስጥ ሰው የሚያስሩ መንግሥታት የሉም? ሞልተዋል! ጤዛ በር ላይ ቆማ «አንተ እስረኛህን ፍታ፣ ከዚያ ትፈርማለህ» ብትል ስንት ፊርማ ይገኝ ነበር?

የድሮ ሰው፦
ይሄ ደህና ክርክር ነው። መልሱለት።

ቆቅ፦
መንግሥት ሲፈርም እስረኛ ፍታ አላልንም። መግለጫ ስንጽፍ ስም እንጥቀስ ነው ያልነው። የአንድ አዳራሽ ሰው መግለጫና የ122 አገር ውል ምን አገናኛቸው? ደግሞ የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብት ኮሚቴ ራሱ በ2018 ኑክሌር መጠቀምም ሆነ እጠቀማለሁ ብሎ ማስፈራራት በሕይወት ከመኖር መብት ጋር አይሄድም ብሏል። እነሱ ደባልቀውታል። እኛን ነው «አታደባልቁ» የሚሉን።

ዘቢባ፦
ስለ መድረስ ካነሳን አንድ ነገር ልንገራችሁ። ሂሮሺማ ላይ የሞቱት ጃፓኖች ብቻ አይደሉም። ኮሪያ ያኔ በጃፓን ቅኝ ግዛት ሥር ነበረች፤ ለሥራ ተወስደው እዚያ የነበሩ ብዙ ኮሪያውያን አብረው አለቁ። በ1970 መታሰቢያ ድንጋይ ቆመላቸው። የት? ከሰላም ፓርኩ ውጭ፣ ከወንዙ ማዶ። ፓርኩ ውስጥ የገባው በ1999 ነው። በአንድ ቦምብ የሞተ ሰው ወንዝ ለመሻገር 29 ዓመት ፈጀበት። ያውም ስለ ሰላም በተሠራ ፓርክ። «ይደርሳል» ማለት ይሄ ነው።

ነጭ ነጯን፦
ደረሰ ግን።

ዘቢባ፦
አሁን ይሄን ስትጽፍ አላፈርክም?

ነጭ ነጯን፦
ትንሽ። ግን ደረሰ። አልተሳሳትኩም።

የጠዋት ጤዛ፦
ድንጋዩ በራሱ እግር አልሄደም እኮ! ሰዎች ናቸው እየጮኹ ያስገቡት። ልክ ትናንት ቁጭ ያደረጋችኋት ልጅ እንደጮኸችው።

ከኋላ ወንበር፦
ማንም ቁጭ አላደረጋትም፣ ራሷ ነው የተቀመጠችው። ደግሞ ሰውዬው «መብቱም» ነው ያሉት፣ እኔ እስከ መጨረሻው እሟገታለሁ። ድምፁ ተቀድቷል። ላምጣላችሁና እናንተው ስሙት።

ቆቅ፦
አምጣው። መቼ?

ከኋላ ወንበር፦
አዘጋጆቹን ጠይቄያለሁ። ይደርሳል።

ቆቅ፦
ሃሃሃሃ!

የጠዋት ጤዛ፦
አንተ ራስህ ጻፍከው!

ከኋላ ወንበር፦
ስለ ቅጂው ነው ያወራሁት! ቅጂው!

ፊደል ቆጣሪ፦
«ይደርሳል» በትክክል ተጽፏል። «ኑክሌር» ግን አሁንም አልታረመም።