ጥቆማ፦ የእርሻችንን ልቀት ማን ይለካልን? የገዢያችንንስ ቃል በምን እናጣራ?

የሆለታዋ
ሰላም ቤተሰብ፣ ጥቆማ ፈልጌ ነው። ሆለታ አካባቢ የአበባ እርሻ ውስጥ ነው የምሠራው፤ ሒሳብ ክፍል። ሰሞኑን ኔዘርላንድ ያለው ገዢያችን ደብዳቤ ላከ። አየሩን የሚያሞቅ ጋዝ ስንት እንደምትለቁ ለኩ፣ የዓለም ሙቀት ከ1.5 ዲግሪ በላይ እንዳይጨምር ከሚለው ግብ ጋር የሚስማማ የቅነሳ ግብ አስቀምጡ፣ ያለዚያ በሚቀጥለው ውል ላይ እንነጋገራለን ይላል። ሥራ አስኪያጃችን አነበበና ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠው። «አንቺ ቁጥር ትወጃለሽ» አለኝ። በቃ፣ የእኔ ሆኖ ቀረ።

ጥያቄዬ ሁለት ነው። አንደኛ፣ አማካሪ እንቅጠር ወይስ ራሳችን የምንሠራበት ነገር አለ? የቱ ይሻላል? ሁለተኛ፣ ገዢው ራሱ «በ2050 ኔት ዜሮ» (የሚለቀውና የሚመጠጠው እኩል ይሆናል ማለቱ ነው) ብሎ ድረ ገጹ ላይ ለጥፏል። እሱስ ቃሉን እየጠበቀ መሆኑን በምን አውቃለሁ? (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው።)

ቡና ላኪ
አይኤስኦ 14001 የሚባለውን የአካባቢ አያያዝ ምስክር ወረቀት አውጡ። እኛ ካወጣን ወዲህ የጠየቀን የለም። ያወጣልን ልጅ ወርቅ ነው። ስልኩን በውስጥ መስመር እልክልሻለሁ።

የሆለታዋ
አመሰግናለሁ። ግን እሱ ስንት ቶን እንደምንለቅ ይነግረናል?

ቡና ላኪ
ልጁን አናግሪው። ሁሉንም ያውቃል።

አንዴ የተቃጠለ
አማካሪ ከመቅጠራችሁ በፊት የእኔን ስሙ። ስም አልጠራም፣ አትጠይቁኝ።

ልብስ ፋብሪካ ነው የምሠራው። ለእኛም እንዲህ ያለ ደብዳቤ መጣ። አማካሪ ቀጠርን። በዶላር ተዋውለን በብር ከፈልን፣ በዕለቱ ምንዛሪ። አንድ ቀን መጡ፣ ግቢውን ዞሩ፣ ፎቶ አነሱ፣ ሻይ ጠጡ፣ ሄዱ። ከሦስት ወር በኋላ 64 ገጽ ሪፖርት መጣ። ባለ ቀለም ነው፣ ሽፋኑ ላይ ትልቅ ቅጠል አለ። ገጽ 19 ላይ «የድርጅቱ የተፈጥሮ ጋዝ ቦይለር» ይላል። የምን ጋዝ? የእኛ ቦይለር በናፍጣ ነው የሚሠራው። ገጽ 31 ላይ ደግሞ የሌላ ፋብሪካ ስም ሳይጠፋ ቀርቷል።

እሱ ይሁን። የመብራቱን ስሌት የሠሩት በደቡብ አፍሪካ ቁጥር ነው! እዚያ አብዛኛው መብራት ከድንጋይ ከሰል ነው የሚመነጨው። የእኛ ከ90 በመቶ በላይ ከውሃ ነው። ከግልገል ጊቤ የሚመጣውን መብራት ከሰል አድርገው ቆጠሩት። ልቀታችን ሰማይ ነካ። ገዢው «ይህ እንዴት ሆነ?» ብሎ ሲጽፍ መልስ የሚሰጠው ማነው? እኔ። ገንዘቡም አልተመለሰም።

ድንገት የገባሁ
ማናቸው? ፍንጭ ስጠን እንጂ።

ቀይ ሽንኩርት
ቢሯቸው ቦሌ ነው? ሊፍቱ የማይሠራው ሕንፃ?

አንዴ የተቃጠለ
አልናገርም አልኩ።

ቀይ ሽንኩርት
በውስጥ መስመር ላክልኝ በናትህ። እኛም ልንፈርም ነው።

ቡና ላኪ
ለዚህ ነው የእኔን ልጅ ያዙ የምለው። በብር ነው የሚያስከፍለው።

ችግኝ
ለምን ዛፍ አትተክሉም? እኛ መሥሪያ ቤት በአረንጓዴ አሻራ በየክረምቱ እንተክላለን። ያንን ፎቶ አንስታችሁ ለገዢው ላኩ። ካርቦኑን ዛፉ ይመጠዋል።

ጠያቂ አይጠፋም
እውነትህን ነው። ጄኔሬተሩ ላይ ችግኝ ይተከልና ጭሱን እዚያው ይምጠጠው። የዛሬ ዓመት ችግኙ በሕይወት ካለ እሱንም ፎቶ አንሡት።

ችግኝ
ስድብ ምን አመጣው? ሁምቦ ላይ እኮ ደን መልሶ በማልማት የካርቦን ገንዘብ መጥቷል።

ከሮተርዳም
ችግኝ፣ ሁምቦ እውነት ነው፣ የሚያኮራም ሥራ ነው። ግን የተጠየቀችው ሌላ ነገር ነው። የድርጅቶችን የቅነሳ ግብ በሚመረምረው በኤስቢቲአይ ደንብ ከሌላ የተገዛ የካርቦን ክሬዲት (ሌላው ለቀነሰው የሚሰጥ ሰነድ) የራስን ልቀት እንደቀነሰ አይቆጠርም። ዛፉን ትከሉ፤ በዘመቻ ሌላ ቦታ የተተከለው ግን ግቡ ውስጥ አይገባም።

የሆለታዋ እህቴ፣ እኔ እዚህ የአንድ ችርቻሮ ድርጅት ግዥ ክፍል ውስጥ ነው የምሠራው። እንዲህ ያለውን ደብዳቤ ከሚጽፉት አንዱ ነኝ። እንዳትረግሚኝ።

ደብዳቤው ለምን መጣ? ልቀት በሦስት ይከፈላል። ስኮፕ አንድ እዚያው ግቢያችሁ ውስጥ የሚወጣው ነው፤ ናፍጣው፣ የመኪናው ነዳጅ፣ ያፈሰሰ የማቀዝቀዣ ጋዝ፣ ከማዳበሪያው የሚተነው። ስኮፕ ሁለት የምትገዙት መብራት ነው። ስኮፕ ሦስት ከእናንተ በፊትና በኋላ ያለው ሁሉ ነው፣ 15 ዘርፍ አለው። የሱፐርማርኬት ልቀት አብዛኛው ያለው መደርደሪያው ላይ በተደረደረው ዕቃ ውስጥ ነው። አንቺ የእነሱ ስኮፕ ሦስት ነሽ። ካልለካሽላቸው የእነሱም ቁጥር ግምት ሆኖ ይቀራል።

1.5 ዲግሪው ደግሞ እንዲህ ነው። አንድ በርሜል ውሃ አስቢ። ከ2020 መጀመሪያ ጀምሮ ዓለም 500 ቢሊዮን ቶን ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ብቻ ቢለቅ 1.5 ላይ የመቆም ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው ብለዋል የተመድ የአየር ንብረት ፓነል (አይፒሲሲ) ሳይንቲስቶች። በዓመት የሚቀዳው 40 ቢሊዮን ቶን ገደማ ነው። አስልተሽ ድረሺበት። ኤስቢቲአይ ይህን በርሜል ወደ ድርጅት ያወርደዋል። በ2015 ያቋቋሙት ድርጅቶች ልቀታቸውን የሚያሳውቁበት ሲዲፒ፣ የተመድ ግሎባል ኮምፓክት፣ የዓለም ሀብት ተቋምና የዱር እንስሳት ፈንዱ ናቸው። ለስኮፕ አንድና ሁለት የተለመደው መንገድ ከመነሻው ዓመት ልቀት ላይ በየዓመቱ 4.2 በመቶ መቀነስ ነው። ከ2020 እስከ 2030 ድምሩ 42 በመቶ ይሆናል።

ራሳችሁ መሥራት ትችላላችሁ። ጂኤችጂ ፕሮቶኮል የሚባለው የልቀት አቆጣጠር ደንብ የኤክሴል ሠንጠረዦቹ ነጻ ናቸው። ለእርሻ ደግሞ ኩል ፋርም ቱል የሚባል አለ፣ ለአምራች ነጻ ነው፣ ማዳበሪያውንም ያሰላል። እኔ ብሆን የመጀመሪያውን ዓመት ራሴ ሠርቼ ገንዘቡን ለአጣሪ አስቀምጠው ነበር። ማጣራቱ በአይኤስኦ 14064 ነው። 14001 የአስተዳደር ሥርዓት ነው፣ ቶን አይቆጥርም።

ቡና ላኪ
14001 ይበቃል። እኛን ማንም አልጠየቀንም።

ጠያቂ አይጠፋም
አልጠየቁህም ማለት እኮ አልፈህ ነው ማለት አይደለም። ገና ተራህ አልደረሰ ይሆናል።

የሆለታዋ
ከሮተርዳም፣ እግዜር ይስጥልኝ። ደረሰኞቹን ማየት ጀመርኩ። ጄኔሬተሩ በወር 2,000 ሊትር ናፍጣ አካባቢ ይጠጣል። ከዚያስ?

ከሮተርዳም
አንድ ሊትር ናፍጣ ሲቃጠል የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ 2.68 ኪሎ ገደማ ነው። በወር 5.4 ቶን፣ በዓመት 64 ቶን ያህል።

ፍሪጅ ሠሪው
ናፍጣውን ተዉት። ኮልድ ሩማችሁ ውስጥ ያለው ጋዝ ምንድን ነው?

የሆለታዋ
ጋዝ? እኔ ምን አውቃለሁ ወንድሜ።

ፍሪጅ ሠሪው
ኮምፕረሰሩ ላይ የተለጠፈውን አንብቢ። ብዙ ቦታ አር 404ኤ ነው። በተለመደው ስሌት የእሱ አንድ ኪሎ አየሩን የሚያሞቀው 3,922 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚያሞቀውን ያህል ነው። አንድ ሲሊንደር 10.9 ኪሎ ይይዛል፤ አባዢው፣ ወደ 43 ቶን። በዓመት ሁለት ሲሊንደር ካስሞላችሁ ሁለት ሲሊንደር ወደ ሰማይ ሄዷል ማለት ነው፤ ሥርዓቱ ዝግ ነውና ካላፈሰሰ አይጎድልም። 85 ቶን። ጄኔሬተራችሁ ዓመቱን ሙሉ ካጨሰው ይበልጣል። ደግሞ አይታይም፣ አይሸትም።

እኔ የማየውን ልንገራችሁ። ተጠርቼ እሄዳለሁ። «ቶሎ ሙላልን፣ አበባው ሊሞቅ ነው» ይሉኛል። መገጣጠሚያው ላይ የሳሙና ውሃ ስቀባ አረፋው ይንተከተካል። ላጥብቀው ስል ሌላ ቀን ይባላል። በሁለት ወሩ ደግሞ እጠራለሁ።

የሆለታዋ
ኧረ ጉድ! የጋዝ ሙሌት ደረሰኝ አለን እኮ። «ጥገና» በሚለው ሒሳብ ነው የምመዘግበው። አራት ነው ዘንድሮ።

ድንገት የገባሁ
አበባ በአውሮፕላን እየጫኑ ስለ አየር ንብረት ማውራት ግን ትንሽ አያሳፍርም? እዚያው ሆላንድ ቢያበቅሉት አይሻልም?

ከሮተርዳም
እዚህም ብዙ ሰው እንዲህ ይላል። በ2007 ክራንፊልድ ዩኒቨርሲቲ የኬንያንና የሆላንድን ጽጌረዳ አወዳድሮ ነበር። 12,000 ዘንግ የኬንያ አበባ በረራው ተቆጥሮ 6 ቶን ያህል ወጣው። የሆላንዱ 35 ቶን። የሆላንዱ ግሪንሃውስ በጋዝ የሚሞቅና በመብራት የሚንቦገቦግ ነው፣ የእኛን ፀሐይ ታሞቀዋለች። ጥናቱ የቆየ ስለሆነ ቁጥሩን ለውል ክርክር አታምጡት። ግን አውሮፕላን አይቶ ብቻ መፍረድ ስሕተት ነው።

በረራው በስኮፕ ሦስታችሁ በየትኛው ዘርፍ እንደሚቆጠር ለማወቅ ደግሞ ውላችሁን እዩ። የጭነቱን የሚከፍለው ገዢው ከሆነ ከሽያጭ በኋላ ባለው ማጓጓዣ ሥር ይገባል። እናንተ ከሆናችሁ በምትገዙት ማጓጓዣ ሥር።

መሐንዲሱ
ይቅርታ፣ አንድ ነገር ከነከነኝ። መብራታችን ከውሃ ነው፣ ስኮፕ ሁለታችን ዜሮ አካባቢ ነው። በከሰል መብራት የሚሠራ ፋብሪካ የፀሐይ ፓነል ሰቅሎ 42 በመቶውን በአንድ ዓመት ይጨርሳል። እኛ ከየት እናምጣ? ድሮም ብዙ ይለቅ የነበረው ብዙ የመልቀቅ መብቱን ይዞ ይቀጥላል፣ ትንሽ የነበረውም ከትንሹ ላይ ይቀንስ ይባላል። ይሄ ሳይንስ ነው ወይስ የውርስ ክፍፍል?

ከሮተርዳም
ልክ ነህ። ይህ ትችት በሙያው ውስጥም አለ። ሁሉም ከነበረበት እኩል በመቶኛ ይቀንስ የሚለው ምርጫ ነው እንጂ ሳይንሱ ራሱ የሚያዘው አይደለም። ሳይንሱ የሚናገረው ስለ በርሜሉ ነው፤ ማን ስንት ይቅዳ የሚለውን የሚወስነው ሰው ነው።

መሐንዲሱ
እነሱ ራሳቸውስ ንጹሕ ናቸው? በአፕሪል 2024 የኤስቢቲአይ ቦርድ ለስኮፕ ሦስት የካርቦን ክሬዲት ልንፈቅድ ነው ብሎ የራሱ ሠራተኞች ተነሡበት። በጁላይ ዋና ሥራ አስፈጻሚው ለቀቁ።

ከሮተርዳም
የለቀቁት በግል ምክንያት ነው ተብሏል። ግን አዎ፣ ዓይን ሳይነቅሉ ማየት ነው።

የሆለታዋ፣ ሁለተኛውን ጥያቄሽን ረስተነዋል። ከአቅራቢ በኩል ስሰማው የመጀመሪያዬ ነው፣ ወድጄዋለሁ። ኤስቢቲአይ ድረ ገጽ ላይ የድርጅቶች ሰሌዳ አለ። የገዢሽን ስም ጻፊ። «ቃል ገብቷል» ብቻ ካለ ገና ማንም አልመረመረውም። በማርች 2024 ቃል ገብተው በቀኑ ግብ ያላቀረቡ ከ200 በላይ ድርጅቶች «ቃሉ ተነሥቷል» ተብሎ ተጻፈባቸው። ማይክሮሶፍትና ዩኒሊቨር ሳይቀሩ የኔት ዜሮ ቃላቸው ተነሣ፤ የጸደቀው የቅርብ ግባቸው ግን አልተነካም።

ግቡ ጸድቆ ከሆነ 2050ን ትተሽ 2030ን እዪ። 2030 ቅርብ ነው፣ ተጠያቂ አለ። ከዚያ «በአንድ ዘንግ» ወይም «በአንድ ዩሮ ሽያጭ» የሚል ቃል ፈልጊ። በአንድ ዘንግ 30 በመቶ ቀንሶ ሽያጩን እጥፍ ካደረገ ጠቅላላ ልቀቱ 40 በመቶ ጨምሯል። ሰማዩ የሚቆጥረው ድምሩን ነው። ስኮፕ ሦስት ገብቶ እንደሆነም እዪ። ካልገባ ሱቁን ብቻ ነው የለካው፣ ያንቺን አበባ አልነካውም። በመጨረሻ ዓመታዊ ሪፖርቱን አውርጂና የአምስት ዓመት የስኮፕ አንድና ሁለት ልቀቱን በወረቀት ላይ ጻፊው። በየዓመቱ በ4.2 በመቶ ከሚወርደው መስመር ጋር አስተያዪው። ሒሳብ ሠራተኛ አይደለሽ? ግማሽ ቀን አይፈጅብሽም።

ድርጅቱ ትልቅ ከሆነ ኒውክላይሜት የተባለው የጀርመን ተቋም ያወጣው ሪፖርት ላይ ይኖር ይሆናል። በ2022 25 ግዙፍ ድርጅቶችን መርምሮ፣ «ኔት ዜሮ» የሚለው ቃላቸው ሲፈተሽ በአማካይ 40 በመቶ ቅነሳ ብቻ ሆኖ አገኘው። የኢኮቫዲስ ሜዳሊያ ቢያሳዩሽ አትደንግጪ። እሱ የሠራተኛ አያያዝንም የሥነ ምግባርንም ደባልቆ የሚሰጥ ነጥብ ነው። ከ1.5 ጋር መስማማት አለመስማማቱን አይነግርሽም።

ድንገት የገባሁ
በነገራችን ላይ ነዳጅ መኪና ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪክ ሚኒባስ ለሠራተኛ ማመላለሻ የሞከረ አለ? ሆለታ ደርሶ መመለስ ይችላል?

ቀይ ሽንኩርት
ይችላል። ቻርጅ ማድረጊያው ነው ጣጣው፣ መብራት ሲጠፋ በጄኔሬተር ቻርጅ ልታደርገው ነው።

ጠያቂ አይጠፋም
ከዚያ ጄኔሬተሩ ላይ ችግኝ።

የሆለታዋ
ዛሬ ኮልድ ሩም ገብቼ አየሁት። አር 404ኤ ነው። ማሽኑን የሚይዙት ጋሼ «የሳሙናውን ነገር ማን ነገረሽ?» አሉኝ። ችግሩ የሰኔና የሐምሌ የናፍጣ ደረሰኝ የለም። በሌሎቹ ወራት አማካይ ልሙላው? ነው ወይስ ባዶ ልተወው?

ከሮተርዳም
በአማካይ ሙዪው። ግን ግምት መሆኑንና እንዴት እንደገመትሽ እዚያው ሥር ጻፊ። አጣሪ የሚናደደው ሳይነገረው ሲቀር ነው።

አንዴ የተቃጠለ
የእኔዎቹ ገጽ 44 ላይ ግምት ያሉት ሁሉ...

ቀይ ሽንኩርት
ስማቸውን ሳትነግረን ገጽ በገጽ ልታነብልን ነው?

ቡና ላኪ
የሆለታዋ፣ ታዲያ ልጁን ደወልሽለት? ማንን ያዛችሁ?

ቀይ ሽንኩርት
እኔም ማወቅ እፈልጋለሁ፣ እስከ ዓርብ መፈረም አለብን።

ቡና ላኪ
ፍሪጅ ሠሪው፣ ስልክህን በውስጥ መስመር ላክልኝ እስቲ። ገዢያችን ዛሬ ጠዋት ደብዳቤ ላከ።