የማታ ማስታወሻዬ የምሬት መዝገብ ሆነብኝ፤ እናንተ እንዴት ትጽፋላችሁ?

የቆጪ ልጅ፦
ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ጅማ ቆጪ ነው፤ እዚሁ ጅማ መርካቶ አካባቢ በገንዘብ ተቀባይነት እሠራለሁ። ካለፈው መስከረም ጀምሮ ባለ 50 ሉክ ደብተር ገዝቼ ማታ ማታ ውሎዬን እጽፋለሁ። ሐሳቤ ከራሴ ጋር ትንሽ መነጋገር ነበር፤ ምን እንደከፋኝ፣ ምን እንዳስደሰተኝ፣ ወዴት እየሄድኩ እንደሆነ ለማወቅ። ሰሞኑን ወደ ኋላ ገለጥ አድርጌ ባነበው ግን ገጹ ሁሉ አንድ ሆኖ አገኘሁት፤ «ዛሬም ደከመኝ»፣ «ዛሬም ተቆጡኝ»፣ «ሰው አይረባም»። ጽፌ ስጨርስም እንደሚባለው ቀለል አይለኝም፤ እንዲያውም ከብዶኝ እተኛለሁ።

ሌላም አለ። የምኖረው በአንድ ክፍል ከእህቴና ከሁለት ልጆቿ ጋር ነው። ትልቋ አራተኛ ክፍል ስለሆነች የዘይት ጀሪካን ላይ ያለውን ጽሑፍ ሳይቀር ማንበብ ጀምራለች፤ ደብተሬን የት እንደማደርገው ግራ ገብቶኛል። ጸጥታም የለም። ዝናብ ሲጥል ቆርቆሮው ያደነቁራል፤ ሲያባራ ደግሞ የጎረቤት ቴሌቪዥን ይቀጥላል። ልተወው ወይስ ችግሩ አጻጻፌ ነው?

ቀማሹ፦
እህቴ፣ መጻፉን አትተዪው፤ አጻጻፍሽን ግን ቀይሪው። ከሥራዬ ተነሥቼ ልንገርሽ፤ ቡና ቀማሽ ነኝ። ቅምሻ ላይ የተፈጨው ቡና ስኒ ውስጥ ይደረግና የፈላ ውኃ ይፈስበታል። አራት ደቂቃ ያህል ቆይቶ ከላይ የሰፈፈው በማንኪያ ይሰበራል፤ አፍንጫህን አስጠግተህ ታሸታለህ። ከዚያ ትኩስ ሳለ፣ ለብ ሲል፣ ሲቀዘቅዝ እየተመላለስክ ያንኑ ስኒ ትቀምሳለህ። ትኩስ ሳለ የተደበቀ ጉድለት ሲቀዘቅዝ ይወጣልና።

አዲስ የሚገባ ልጅ ቅጹ ላይ ሁልጊዜ የሚጽፈው «መጥፎ» ብሎ ነው። እኔ ይህን አልቀበልም። ምን አገኘህበት? ሻጋታ ከሆነ በደንብ ሳይደርቅ ተከማችቷል ማለት ነው። የአፈር ጣዕም ካለው ከፍ ባለ የማድረቂያ አልጋ ላይ ሳይሆን መሬት ላይ ተሰጥቶ ሊሆን ይችላል። ሣር ሣር ካለ ሳይቀላ የተለቀመ አለበት። «መጥፎ» ግን ለገበሬውም ለነጋዴውም ምንም አይነግራቸውም።

«ሰው አይረባም» ያልሽው እንደዚያ ነው፤ ፍርድ እንጂ ያገኘሽው ነገር አይደለም። ማን፣ በስንት ሰዓት፣ ምን አለሽ? ሰውነትሽ የት ላይ ተሰማው? አንቺስ ምን አደረግሽ? ከራሴ ደብተር አንድ ላካፍልሽ፦ «ረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ስልኬ ሲጮህ ሆዴ ተላወሰ። የደወለው ወንድሜ ነበር። ስለ ብድሩ አላነሣሁበትም፤ እሱም አላነሣም። ምሳ ሳልበላ ዋልኩ።» ይኸው ነው፤ ማማረርም ትንታኔም የለበትም። እንዲህ ያሉ አጫጭር ጽሑፎች ሲጠራቀሙ ግን ሥራው ነው የሚያደክመኝ ስል የነበረው ሰው ድካሜ ሁሉ ወንድሜ በሚደውልባቸው ቀናት ላይ መሆኑን አየሁ።

የጻፍሽውን በዚያው ሌሊት አታንብቢው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ስሜቱ ከበረደ በኋላ አንብቢው።

መምህርት ዘ፦
ሳይኮሎጂ አስተምራለሁ፤ «ከብዶኝ እተኛለሁ» ያልሽው ላይ ትንሽ ልጨምር። ጄምስ ፔንቤከር የሚባል አሜሪካዊ ተመራማሪ በ1986 እ.ኤ.አ. ከባልደረባው ጋር ባሳተመው ጥናት ተማሪዎችን በተከታታይ አራት ቀን፣ በቀን 15 ደቂቃ ስለ ደረሰባቸው ከባድ ነገር አጽፏቸው ነበር። የሆነውንም የተሰማቸውንም የጻፉት ልጆች ወዲያው ጽፈው ሲነሡ ስሜታቸው ወርዶ ነበር። በቀጣዮቹ ወራት ግን ወደ ተማሪዎች ክሊኒክ የሚሄዱበት ጊዜ ከሌሎቹ አነሰ። ስለዚህ ጽፎ መክበድ ብቻውን የስንፍና ምልክት አይደለም። ልብ በዪ ግን፣ ያጻፋቸው አራት ቀን ነው፤ ዓመቱን ሙሉ ማታ ማታ ቁስል ነካኩ አላላቸውም። አንድን ምሬት በየቀኑ ማመላለስ ሐዘንን እንደሚያባብስ ደግሞ ሱዛን ኖለን-ሆክሴማ የተባለችው ተመራማሪ ብዙ ሠርታበታለች።

ለመኝታ ሰዓት ሌላ ነገር ጻፊ። በ2018 እ.ኤ.አ. በወጣ የእንቅልፍ ጥናት፣ ከመተኛታቸው በፊት ለአምስት ደቂቃ የነገ ሥራቸውን የዘረዘሩ ሰዎች፣ የሠሩትን ከዘረዘሩት በ9 ደቂቃ ያህል ቀድመው እንቅልፍ ወስዷቸዋል። ከባዱን ነገር ከመሸ አትንኪው፤ ለቀን አቆዪው።

እኔ ራሴ ብዙ አልጽፍም። ከዒሻ ሶላት በኋላ መስገጃዬ ላይ ቁጭ እንዳልኩ ሙሐሰባ አደርጋለሁ፤ ዛሬ ማንን አስቀየምኩ፣ የማን ሐቅ አለብኝ ብዬ ነፍሴን እጠይቃለሁ። ያገኘሁትን በአንድ መስመር አሰፍራለሁ፤ ብዙውን ጊዜ ነገ ልደውልለት የሚገባ ሰው ስም ነው።

ለልጅቷ ደግሞ የራሷን ደብተር ግዢላት። የራሷ ያላት ልጅ የሌላውን መክፈት ይቀላታል ብዬ አላምንም።

ጡረተኛው፦
እኔ እንኳ ደብተር የሚባል ነገር አልወድም። አርባ ዓመት ገደማ ሪፖርት ስጽፍ ኖሬ አሁን ደግሞ ስለ ራሴ ሪፖርት ልጻፍ? ልጄ፣ ሁሉም ሰው በብዕር አያስብም። እኔ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ወዳለበት ወደ ጂሬን ዳገቱን እይዛለሁ። ስልኬን ቤት እተዋለሁ። ዳገቱ ላይ ትንፋሽ ስለሚያጥር ነገር ማብሰልሰል አይቻልም፤ ሐሳብ የሚመጣው ስወርድ ነው። ከቤት ስወጣ ያናደደኝ ጉዳይ ስመለስ ትዝ ካላለኝ ለመናደድም የማይበቃ ነበር ብዬ እተወዋለሁ። ትዝ ካለኝ ቁርስ ላይ ለባለቤቴ እነግራታለሁ፤ እሷ ከማንም ደብተር የተሻለ ትመልሳለች።

ስለ ጸጥታው አልስማማም። የጅማን ዝናብ ነው የምታሚው? ክረምት ላይ ቆርቆሮው ሲንጫጫ ማንም አያናግርሽም፤ ልጆቹም ቢጠሩሽ አትሰሚም። ከዚያ የተሻለ የብቻ ሰዓት በአንድ ክፍል ቤት ከየት ይመጣል?

ነርስ፦
ምክሩ ሁሉ ጥሩ ነው። እኔ የማክለው አንድ ነው፤ ሐዘኑ ወይም ከሁሉ ነገር መሰላቸቱ ቀኑን ሙሉ ለሁለት ሳምንት ከዘለቀ፣ እንቅልፍሽና ምግብሽ ከተዛባ፣ ደብተር አይበቃም። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው። ራስን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣ ደግሞ ሁለት ሳምንትም አይጠበቅም፤ በዚያው ቀን ነው የሚኬደው።

የቆጪ ልጅ፦
ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እንቅልፌም ምግቤም ደህና ነው፤ አትስጉ። ቀማሹ እንዳሉት ዛሬ ምሳ ሰዓት ላይ ሞከርኩ፦ «ስምንት ሰዓት ከሩብ። አንዲት እናት የተቀደደ መቶ ብር ይዘው መጡ። አልቀበልም ስላቸው ምንም ሳይሉ አጣጥፈው መቀነታቸው ውስጥ ከተቱት። ጉሮሮዬ ተያዘ። ቀጣዩን ሰው ያለ ምክንያት ተቆጣሁት።» በድሮው አጻጻፌ ቢሆን «ደንበኛ አስቸገረኝ» ብዬ አልፈው ነበር። ሰውየውን ነገ ካገኘሁት ይቅርታ እጠይቀዋለሁ፤ ሴትዮዋን ግን የት እንደማገኛቸው አላውቅም።

ጋሼ፣ የጂሬኑ ዳገት ለእሑድ ይሁንልኝ፤ በሥራ ቀን አልደርስበትም። መምህርት፣ ለልጅቷ ደብተር ገዛሁላት። አሁን ደግሞ ስትጽፍ «እዪው፣ አንብቢልኝ» ትለኛለች። ላንብብ ወይስ የራስሽ ነው ልበላት?

መምህርት ዘ፦
ራሷ ከሰጠችሽ አንብቢ፤ ካልሰጠችሽ አትክፈቺው። የፊደል ግድፈቷን ግን አታርሚባት፤ ያንን እኛ ትምህርት ቤት እናደርሰዋለን።