ለመስከረም የምናስገባው የኬጂ ፕሮፖዛል፣ ሐሳብ ጨምሩበት

ሰብሳቢ፦ ጤና ይስጥልኝ፣ ለወላጅ ኮሚቴ የምናስገባውን በጨዋታ የማስተማር ፕሮፖዛል በዚህ ሳምንት እንጨርስ። እስካሁን የያዝነው ገበጣ ለቁጥር፣ አሸዋ ላይ በጣት ፊደል መጻፍ፣ ሊጥ ማድቦልቦል ነው። መጫወቻ ግዙልን ካልን ገና ሳያነቡት ነው የሚጥሉት፣ በጀቱን አደራ።

የኬጂ 1 ቲቸር፦ ገበጣውን ሞክሬዋለሁ በነጻ ነው፣ ባለ 30 የእንቁላል ካርቶን 5 በ6 ስለሆነ ሁለት ሁለት ረድፍ አድርጋችሁ ስትቆርጡት ሁለት ገበጣ ይወጣዋል አንድ ረድፍም ይተርፋል። 12ቱ ጉድጓድ 4 4 ሲገባበት 48 ጠጠር ነው ለትንንሾቹ ይበዛል፣ እኔ ግማሹን ቆርጬ 2 2 ነው የማስጀምራቸው። አንዱ ተማሪዬ እስከ 20 በቃሉ ይወርደዋል፣ አምስት ጠጠር ቁጠር ስለው ግን አንዷን ሦስቴ ይነካትና ስምንት ይለኛል 😅 ገበጣ ላይ በየጉድጓዱ አንድ አንድ እየጣለ ሲሄድ ነው የተስተካከለው።

የኦ ክፍል መምህር፦ በጠጠር ፈንታ ሽምብራ እንዳታደርጉ ብቻ! አምና አንዷ አፍንጫዋ ውስጥ ከታው ሳትናገር ዋለች፣ እሱ ደግሞ እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፣ ክሊኒክ ሄደን ነው የወጣው። ቆርኪ በመዶሻ ጠፍጥፈን እንጠቀም።

የኮሚቴ ወላጅ፦ ቆርኪም ያው ነው ወንድሜ፣ አሁን በሶፍት ጥቅልል የካርቶን ቱቦ ሞከርኩት ሽው ብሎ አለፈ፣ በዚያ ካለፈ አፍም ይገባል።

የኬጂ 1 ቲቸር፦ ልክ ነሽ፣ እንግዲያው ቲቸር በሌለበት አይነካ፣ ቆጥረን እንሰጣለን ቆጥረን እንቀበላለን። ራሳቸው ልጆቹ ይቁጠሩልን እኮ፣ 12 ሰጥተን 11 ከመጣ አንዷን ሲፈልጉ መዋል ነው ትምህርቱ።

እትዬ (ጡረታ የወጣሁት)፦ ልጆቼ ሊጡን ተዉት። በዚህ የዱቄት ዋጋ፣ ደግሞም እህል መጫወቻ ሲሆን አያት ያየ እንደሆነ ጉድ ነው የሚፈላባችሁ። ቀጨኔ ሸክላ ሰሪዎቹ ዘንድ ሄዳችሁ የተነፋ አፈር ለምኑ፣ ጀበና ስትሠራ የምታሳይ አንዲት እናት ብታመጡ ደግሞ እንዴት ባማረ።

የኮሚቴ ወላጅ፦ እትዬ ይሄን ወድጄዋለሁ ❤️ ግን ወላጁ "ደብተሯ ባዶ ነው፣ ጭቃ ሲያስቦኳት ይውላሉ" ማለቱ አይቀርም እኔም ብዬ አውቃለሁ።

የኦ ክፍል መምህር፦ እርሳስ የሚይዘው ጣት በጭቃው ነው የሚጠነክረው፣ ይሄ መጀመሪያ ገጽ ላይ ይግባ። ዓርብ ዓርብ ደግሞ ወላጅ ሊወስድ ሲመጣ ከልጁ ጋር አንድ ዙር ገበጣ ተጫውቶ ይሂድ፣ ሲሸነፍ ይገባዋል 😂

ሰብሳቢ፦ እሺ፣ ሊጥ ወጣ ጭቃ ገባ፣ የዓርቡም ገባ። ሽምብራ የለም። እጅ መታጠቢያ ባለ ቧንቧ ጀሪካን ሁለት ጨምሬያለሁ፣ ከሱና ከአሸዋው ሌላ የሚገዛ የለም። ካርቶን ያላችሁ እስከ ሐሙስ አምጡ፣ እንቁላል የፈሰሰበትን ግን እባካችሁ አትላኩ፣ ባለፈው የመጣው ሸትቶ ተጥሏል።