ዲያቆን ሆኖ በአሜሪካ ጦር «የቄስ ረዳት» መሆን፦ ሥራው በትክክል ምንድን ነው?

ዘሞጣ (ጠያቂ)

እንዴት ሰነበታችሁ። ታናሽ ወንድሜ እዚሁ ሞጣ በድቁና የሚያገለግል፣ ቅኔም የቆጠረ ልጅ ነው። ዲቪ ደርሶት ጉዞው ተቃርቧል። አሜሪካ ያሉ ዘመዶቻችን «ጦሩ ውስጥ የቄስ ረዳት የሚባል መደብ አለ፣ ለዲያቆን በልኩ የተሰፋ ነው» ብለው ልቡን አነሣሥተውታል። እሱ የቤተ ክርስቲያን አገልግሎት አድርጎ ቆጥሮታል። እኔ ግን ከመፈረሙ በፊት ሥራውን ከሚያውቅ ሰው መስማት እፈልጋለሁ። ረዳቱ ቀን በቀን ምን ይሠራል? መሣሪያ ይይዛል ወይ? ድቁናውስ እንዴት ይሆናል? ረቡዕና ዓርብን፣ ዐቢይ ጾምን እዚያ መጾም ይቻላል?

ባለ ፎርት ጃክሰን

ከመሣሪያው ልጀምር፤ ዘመዶቻችሁ ያልነገሯችሁ እሱን ይመስለኛልና። አዎ፣ ረዳቱ መሣሪያ ይይዛል፤ ሥራው የተፈጠረውም በከፊል ለዚሁ ነው። በአሜሪካ ጦር ቄሱ፣ ቻፕለን የሚባለው፣ መሣሪያ አይይዝም። እ.ኤ.አ. በ1949 በወጣው የጄኔቫ ስምምነት የተጠበቀ ሰው ነው፤ ጠላት እጅ ቢወድቅ እንኳ እንደ ጦር ምርኮኛ አይቆጠርም፣ የሚቆየው ምርኮኞችን በሃይማኖት እንዲያገለግል ነው። ረዳቱ ይህ ከለላ የለውም። ተዋጊ ወታደር ነው፤ ቢማረክም እንደማንኛውም ወታደር ምርኮኛ ነው። ቄሱ ቁስለኛ ላይ ጎንበስ ብሎ ሲጸልይ ጠመንጃ ይዞ ዙሪያውን የሚጠብቀው እሱ ነው፤ አስፈላጊ ሲሆን ይተኩሳል። «ሕሊናዬ መሣሪያ እንድይዝ አይፈቅድልኝም» የሚል ሰው ለዚህ ሥራ አይመደብም።

ሁለተኛው ነገር፣ ሥራው ክህነት አይጠይቅም። ረዳቱ የየትኛውም እምነት ሰው ሊሆን ይችላል። አይሰብክም፣ አይባርክም፣ አያናዝዝም። የሚመደብለትንም ቄስ አይመርጥም፤ ፕሮቴስታንት፣ ካቶሊክ፣ የአይሁድ ረቢ ወይም የሙስሊም ኢማም ሊደርሰው ይችላል። በአምልኮው እንዲሳተፍ አይገደድም፤ ማዘጋጀቱ ግን ሥራው ነው። ወንድምህ ይህን ሳያውቅ ከገባ የመጀመሪያው እሑድ ይከብደዋል።

ሥራው እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 28 ቀን 1909 በይፋ ተፈቅዶ «ቻፕለን አሲስታንት» ሲባል ኖሯል፤ አሁን «ሪሊጅየስ አፌርስ ስፔሻሊስት» ይሉታል። የመደቡ መለያ 56 ኤም ነው። በአንድ ባታሊዮን ውስጥ አንድ ቄስና አንድ ረዳት በቡድን ይሠራሉ። ለመግባት አስቫብ በሚባለው ፈተና የጽሕፈት ሥራ ክፍል ነጥብ ቢያንስ 90 መሆን አለበት። ከዚያ 10 ሳምንት መሠረታዊ ሥልጠና፣ ቀጥሎ ሳውዝ ካሮላይና ውስጥ ፎርት ጃክሰን የሙያው ትምህርት ይሰጣል። እንግሊዝኛው ጠንካራ ካልሆነ ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚያ ፈተና ላይ ስለሆነ ከአሁኑ ያንብብ። መንጃ ፈቃድም ቶሎ ያውጣ፤ መኪናውን አብዛኛውን ጊዜ የሚነዳው ረዳቱ ነው።

ሜዳ ላይ ሥራው የሚጀምረው ጸሎቱ ሳይጀመር ነው። ቄሱ የትኛውን ምድብ መቼ እንደሚጎበኝ ረዳቱ ከኦፕሬሽን ክፍል ጋር ይስማማል፣ በየትኛው አጀብ እንደሚሄዱ ያስመዘግባል፣ ሬዲዮውን ከነመጠባበቂያ ባትሪው ይፈትሻል። አብዛኛው ጉብኝት የሚበላሸው ረዳቱ ቄሱን ይዞ ሲደርስ ምድቡ ቦታ ቀይሮ ሲገኝ ነው፤ ስለዚህ ከመነሣታቸው በፊት በዚያው ዕለት ዳግመኛ ይጠይቃል። ቦታ ሲመርጥ መከለያ ያለውንና ከጄኔሬተር ድምፅ የራቀውን ያያል። ሰው አንድ ላይ አያከማችም፤ 60 ሰው ካለ በሦስት ዙር፣ እያንዳንዱን 20 ደቂቃ ገደማ አድርጎ ቢያስኬድ ይሻላል። ብዙ ጊዜ መሠዊያ የሚሆነው የመኪና ሞተር ክዳን ነው። ነፋስ ጨርቁንና ወረቀቱን ስለሚወስድ መቆንጠጫ ይያዝ። ለቁርባን የሚሆነው ስስ ቂጣ እርጥበት ካገኘው ይጣበቃል፤ አየር በማያስገባ ከረጢት ይቀመጥ። ማታ ብርሃን ማሳየት በተከለከለበት ቦታ ሻማ አይበራም፤ ቄሱ ቢረሳ እንኳ ማስታወስ ያለበት ረዳቱ ነው።

የየእምነቱ ዕቃ አይደባለቅም፤ እያንዳንዱ የራሱ ሣጥን ይኑረው። ካቶሊኩ ካህን ከቀደሰው ቁርባን የተረፈ ካለ ረዳቱ በገዛ እጁ አያነሣም፣ አይጥልምም፤ ካህኑን ይጠብቃል። ለሙስሊም ወታደር ንጹሕ ቦታ፣ ለውዱእ (ከስግደት በፊት ለሚደረገው መታጠብ) የሚሆን ውኃና የቂብላው፣ ማለትም ፊቱን አዙሮ የሚሰግድበት የመካ አቅጣጫ ያስፈልጋል። ከአሜሪካ መካ በአብዛኛው ወደ ሰሜን ምሥራቅ ነው፤ ጠፍጣፋ ካርታ አይቶ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ምንጣፍ የሚያነጥፍ አዲስ ረዳት ብዙ ነው። ለአይሁዳዊው ሰንበት የሚገባው ዓርብ ፀሐይ ስትጠልቅ ነው፤ የዝግጅቱ ሰዓት ከዚያ ወደ ኋላ ይቆጠራል። በጸሎት ቤት የተሰበሰበ ገንዘብ ደግሞ ለብቻ አይቆጠርም፤ ሁለት ሰው ቆጥሮ ሁለቱም ይፈርማል። በዚህ የተዘናጋ ረዳት ገንዘቡን ባይነካም እንኳ ስሙ ይጠፋል።

ቀሲስ ዘደብረ ማርቆስ

ልጄ ዘሞጣ፣ ስለ ድቁናው የጠየቅኸውን እኔ ልመልስ።

ካህን ከጦር ጋር መሄዱ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። በ1888 ዓ.ም. ዐድዋ ላይ የቅዱስ ጊዮርጊስ ታቦት ወጥቷል፣ አቡነ ማቴዎስም ነበሩ፤ የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትም ከነሠራዊታቸው ዘምተዋል። ነገር ግን ከሠራዊት ጋር ሄዶ ማናዘዝ፣ መባረክና መቅበር ሌላ ነው፤ ራስን በወታደርነት ማስመዝገብ ሌላ። የሐዋርያት ቀኖና ኤጲስ ቆጶስ ወይም ቄስ ወይም ዲያቆን ሆኖ በውትድርና የሚጸና፣ ሁለቱንም ልያዝ የሚል፣ ከሹመቱ ይሻር ይላል፤ ምክንያቱንም «የቄሣርን ለቄሣር፣ የእግዚአብሔርን ለእግዚአብሔር» በሚለው ቃል ይሰጣል። ሰው የገደለ ደግሞ፣ ለጠባቂነት ሲል ቢሆንም፣ ወደ መቅደስ ገብቶ ማገልገል አይችልም።

ስለዚህ ወንድምህ ወደዚያ ሥራ የሚገባው ዲያቆንነቱን ይዞ እንዳይመስለው። ሳይፈርም ለንስሐ አባቱ ይንገር፤ እሳቸው ወደ ሀገረ ስብከቱ ያቅርቡለት። «እዚያ ሄጄ አየዋለሁ» ብሎ ዝም ማለቱን አልመክርም። ተደብቆ ፈርሞ እሑድ መቅደስ የሚገባ ዲያቆን ራሱንም አብረውት የሚቀድሱትንም ይጎዳል። በምእመንነት ልኑር ብሎ ከወሰነ ደግሞ ነውር የለበትም፤ በግልጽ ያድርገው።

አንድ ልጨምር። የመኪና ክዳን ላይ የሚደረገውን ጸሎት ቅዳሴ ነው ብሎ እንዳያስብ። የእኛ ቅዳሴ ታቦት ይፈልጋል፣ ቢያንስ ሁለት ቀሳውስትና ሦስት ዲያቆናት ይፈልጋል። የእኛ ልጆች በምድቡ ካሉ ረዳቱ ሊያደርግላቸው የሚችለው ትልቁ ነገር በአቅራቢያ ያለውን ቤተ ክርስቲያን ፈልጎ፣ መኪናና ፈቃድ አስጨርሶ ማድረስ ነው። የበዓሉን ቀን አስቀድሞ ለአዛዡ ማሳወቅም አለ፤ ገና በነሱ አቆጣጠር ጥር 7፣ ጥምቀት ጥር 19 ነው፤ በዘመነ ሉቃስ መጨረሻ ጳጉሜን 6 ቀን ከሆነች በኋላ በሚመጣው ዘመነ ዮሐንስ ግን ጥምቀት በነሱ ጥር 20 ይውላል። አዛዡ ታኅሣሥ 25ን ብቻ ነው የሚያውቀው።

ዘሞጣ (ጠያቂ)

ቀሲስ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ዛሬውኑ ለንስሐ አባታችን እንነግራለን። ባለ ፎርት ጃክሰን፣ ወንድሜ አንድ ነገር አስጨንቆታል። ወታደሮች ለረዳቱ ምሥጢር ቢነግሩት ምን ያደርጋል? ለአዛዥ መናገር አለበት?

የዳሞት ልጅ

ይህን እኔ ልመልስ፤ በጣም ጥንቃቄ የሚፈልገው እዚህ ነው።

ለቄሱ በመንፈሳዊ አማካሪነቱ የተነገረ ነገር በአሜሪካ የጦር ፍርድ ቤት የማስረጃ ደንብ ቁጥር 503 የተጠበቀ ነው። ይኸው ጥበቃ ለረዳቱም አለ፤ በሥራው ላይ ሳለ የተነገረው ምሥጢር ነው፣ የምሥጢሩም ባለቤት ወታደሩ ነው። ያለ እሱ ፈቃድ ለሻምበሉም ለኮሎኔሉም አይነገርም። አዛዥ ቢቆጣ መልሱ «ጌታዬ፣ ስለዚህ መናገር አልችልም» ነው። ብዙ ረዳት የሚሳሳተው እምቢ በማለቱ ሳይሆን በከፊል በመናገሩ ነው፤ «ዝርዝሩን አልነግርዎትም፣ ግን ልጁን ይከታተሉት» ካለ ምሥጢሩን አወጣው።

ረዳቱ ግን አማካሪ አይደለም። ወታደሮች ግማሽ መንገድ ላይ ለሱ ይነግሩታል፤ በማዕረግ ይቀርባቸዋልና፣ ቄሱ ደግሞ መኮንን ነው። ሥራው መስማት፣ ምን ያህል እንደሚያስቸኩል መመዘንና ወደ ቄሱ ማድረስ ነው። ሞትን የሚያስብ ሰው ከመጣ፦ በቀጥታ «ራስህን ለመግደል አስበሃል?» ብሎ ይጠይቃል። መጠየቁ ሐሳቡን አያስገባበትም። በእርጋታ ይሰማል፣ አይከራከርም፣ ጥይትም ቢላም መድኃኒትም ከአጠገቡ እንዲርቅ ያደርጋል። ከዚያ አብሮት ሄዶ ለቄሱ ወይም ለሐኪም በእጁ ያስረክባል፤ ለአንዲት ደቂቃም ብቻውን አይተወውም። «ቁጥር ልስጥህና ደውል» ብሎ መሸኘት ትልቁ ጥፋት ነው። በስልክ 988 ተደውሎ 1 ሲጫን ለወታደሮች የተዘጋጀው መስመር ሌት ተቀን ይመልሳል፤ እሱ ተጨማሪ ነው፣ የአብሮ መሄድ ምትክ አይደለም።

ስለ ጾሙ ባጭሩ። የሜዳው እሽግ ምግብ፣ ኤምአርኢ፣ 24 ዓይነት ሲሆን 4ቱ ሥጋ የሌላቸው ናቸው። ሥጋ የለውም ማለት ግን የጾም ነው ማለት አይደለም፤ አይብና ወተት ይገባባቸዋል፤ የእያንዳንዱን ማሸጊያ ያንብብ። በቋሚ ጦር ሰፈር ሲሆን ከመመገቢያ አዳራሹ ባቄላ፣ ሩዝና አትክልት አይጠፋም። ዘላቂ ፈቃድ ከፈለገ በጽሑፍ ይጠይቃል፤ ቻፕለኑ አነጋግሮት አስተያየቱን ይጽፋል፣ ውሳኔው የአዛዡ ነው። የ10 ሳምንቱ ሥልጠና ከዐቢይ ጾም ጋር ከገጠመ እስከ 9 ሰዓት እህል ውኃ ሳይቀምሱ መሮጥ ለሕይወት ያሰጋል፤ ይህንንም ከንስሐ አባቱ ጋር ቀድሞ ይጨርስ።

ባለ ፎርት ጃክሰን

የዳሞት ልጅ ያለችው ሁሉ ልክ ነው። እኔ የቀረኝ የመታሰቢያው ሥርዓት ነው፤ ረዳቱ ስሕተቱ የማይታረምበት ቦታ እሱ ነው።

ሁለት ዓይነት አለ። አንዱ የአዛዡ ሥርዓት ነው፣ ወታደሮች ታዘው ይገኛሉ። ሌላው ሃይማኖታዊ አገልግሎት ነው፣ በፈቃድ ብቻ ይገባሉ። ረዳቱ የትኛው እንደሆነ ሳያጣራ ወረቀት ማተም የለበትም።

በመድረኩ ላይ የወታደሩ ጫማ ከፊት ይሆናል፤ ጠመንጃው አፈሙዙ ወደ ታች ተዘቅዝቆ ይቆማል፣ የራስ ቁሩ ሰደፉ ላይ ይደረጋል፣ የአንገት መለያው ይንጠለጠልበታል። ጠመንጃው ጥይት እንደሌለበት ሁለት ሰው ያያል። ማቆሚያው ቀላል እንጨት ከሆነ የራስ ቁሩ ክብደት ይጥለዋል፤ ከሥሩ የአሸዋ ከረጢት ይደረግና የሚያልፍ ሰው እንኳ ቢነካው እንዳይነቃነቅ አድርጎ ይፈተን። ልምምዱ ከዋዜማው ቀን አይዘግይ።

ከዚያ የመጨረሻው የስም ጥሪ አለ። የሕያዋኑ ስም ይጠራል፣ «አለሁ» ይላሉ። የሟቹ ስም ሦስት ጊዜ ይጠራል፦ መጀመሪያ ማዕረጉና የመጨረሻ ስሙ፣ ቀጥሎ ማዕረጉ ከነስሙ፣ በሦስተኛው ሙሉ ስሙ። መልስ የለም። ቀጥሎ ተኩሱ፣ ከዚያ መለከቱ ይሰማል። ሟቹ የእኛ ልጅ ከሆነ በአሜሪካ ወረቀት ላይ «የመጨረሻ ስም» ተብሎ የተጻፈው የአባቱ ወይም የአያቱ ስም ነው፤ ስለዚህ እናትዬው መጀመሪያ የምትሰማው የልጇን ስም ሳይሆን የባሏን ወይም የአማቷን ስም ነው። ረዳቱ ቤተሰቡን አስቀድሞ አግኝቶ ይህን ይንገራቸው፣ አጠራሩን ከአፋቸው ይስማና ለጠሪው ፊደል በፊደል ጽፎ ያስጠናው። ማዕረጉን ከሰው ኃይል ክፍል መዝገብ ያመሳክር፤ ከሞት በኋላ ዕድገት የሚሰጥበት ጊዜ አለና የድሮው ማዕረግ እንዳይጠራ። ስለ ተኩሱም ለቤተሰቡ ይነገር፤ ሳያውቁ ሲሰሙት የሚወድቁ አሉ።

ስለ ውሉ አንድ ነገር ብቻ። አባቶች ፈቅደውለት ወይም በምእመንነት ወስኖ ሊፈርም ከሄደ፣ መልማዩ በአፉ የሚለውን አይያዝ። ውሉ ላይ 56 ኤም ተብሎ ካልተጻፈ ሌላ ማንኛውም መደብ ሊደርሰው ይችላል። ወረቀቱን እስከ መጨረሻው ገጽ አንብቦ፣ ያልገባውን በሚያምነው ሰው አስተርጉሞ፣ መደቡ ካልተገኘም «ሌላ ጊዜ እመጣለሁ» ብሎ ሳይፈርም መመለስ እንደሚችል ይወቅ።