ሁለቱንም የቴሎሜሬዝ ጂን ቅጂዎች አጠፋሁ፣ ጂኑ ግን አሁንም አለ

ሰላም ለሁላችሁ። ካንዲዳ አልቢካንስ በተባለ እርሾ ላይ እየሠራሁ ተጣብቄያለሁ። የክሮሞዞም ጫፍ እንዳያጥር የሚጠብቀውን ኢንዛይም፣ ማለትም የቴሎሜሬዝን ዋና ፕሮቲን የሚሠራውን ጂን ማጥፋት ፈልጌ ነበር። የዚህ እርሾ ቴሎሜር (የክሮሞዞሙ ጫፍ) በጣም ይገርመኛል፤ አንዱ ድግግሞሽ 23 የዲኤንኤ ፊደል ነው፣ የሰው ግን 6 ብቻ።

እርሾው ክሮሞዞሞቹን በጥንድ ስለሚይዝ ጂኑን ሁለቴ ማጥፋት ግድ ነው። ሁለቱን ቅጂዎች በተለያየ ምልክት (መለያ ጂን) ተካሁ። ፒሲአሩ (የተመረጠ የዲኤንኤ ክፍልን አባዝቶ የሚያሳየው ምርመራ) ሁለቱም ምልክቶች ቦታቸውን እንደያዙ ያሳያል። ችግሩ፣ ያልተነካው ጂን ባንድም (በጄል ላይ የሚታየው መስመር) ቁልጭ ብሎ ይታያል! ከአንድ ኮሎኒ እየነጠልኩ ሦስቴ ደጋገምኩት፤ ያው ነው።

ክሮሞዞሙ ሦስት ቅጂ ሆኖ ይሆን? ይህ እርሾ ተጨማሪ ክሮሞዞም መያዝ ይችልበታል፤ ዲኤንኤ የማስገባቱ ሥራ ራሱም ሊያመጣው ይችላል። በእድገቱ እንዳልለይ፣ ጂኑ ቢጠፋም ቴሎሜሩ የሚያጥረው ቀስ በቀስ ነው።

የቅጂ ቁጥሩን በመጠን ለኪ ፒሲአር ብለካ ይበቃል ወይስ ሳውዘርን ብሎት (ዲኤንኤን በመጠን ለይቶ የሚፈለገውን ጂን የሚያሳይ ዘዴ) ልሥራ? ሦስተኛውን ቅጂ ማጥፋት ይሻላል ወይስ ከመጀመሪያው እርሾ እንደገና ልጀምር? ይህ የገጠመው ካለ እባካችሁ ምን እንዳደረጋችሁ ንገሩኝ።